ውሻ ይፈቀዳል፤ ባለቤቱስ?

ከዴንቨር ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት የማይሞላ የመኪና መንገድ ሲነዳ ሜዳው ያልቅና የሮኪ ተራሮች ግርጌ ይጀምራል። ቦልደር የተባለችው የኮሎራዶ ከተማ የተቆረቆረችው ልክ በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። ከበስተጀርባዋ ፍላታይረንስ የሚባሉት ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች አዘንብለው ቆመዋል፤ ከከተማው ዳር የሚነሱት የእግር መንገዶችም በሣሩና በጥዱ መካከል እየተጠማዘዙ ወደ እነሱ ይወጣሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፤ ደጋ ላደገ ሰው አየሩ አያስቸግርም። የሚያስገርመው የውሻው ብዛት ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን አካባቢው ሩቅ ስላልሆነ፣ ውሻ ያሳደገውም ውሻ የሚፈራውም እዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ሊገናኝ ይችላል። ውሻ የሚፈቀድበት መንገድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እንስሳው እንደልቡ የሚፈነጭበት መስክ ነው። የቦልደርን አሠራር ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ውሻ ተራራ ላይ ቦታ ያገኘው ደንቡ ስለላላ አይደለም፤ ደንቡ ጠብቆ፣ እሱም በውሻው ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ትከሻ ላይ ስለወደቀ ነው።

መሬቱ ራሱ በነጻ የተገኘ አይደለም። የቦልደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ድምፅ ሰጥተው በሚሸምቱት ዕቃ ላይ ተጨማሪ የሽያጭ ግብር ጣሉ፤ ገንዘቡ በከተማው ዙሪያ ያለውን መሬት ቤት ሳይሠራበት ገዝቶ ለማቆየት ነበር። ለዚህ ዓላማ ብሎ ራሱን ግብር ያስከፈለ የአሜሪካ ከተማ ከዚያ በፊት አልነበረም። ዛሬ የከተማው ይዞታ ከ18,000 ሄክታር በላይ ሆኗል፤ የእግር መንገዶቹም ሲደመሩ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ከፋዮቹ መካከል ብዙዎቹ ውሻ ስላላቸው እንስሳቸውን ይዘው ለመሄድ መብት እንዳላቸው ያምናሉ፤ ክርክራቸውም ውሃ የሚያነሳ ነው። ከተማው በ2006 የጀመረው ዘዴ ከዚህ ክርክር ጋር የተደረገ ድርድር ነው ማለት ይቻላል። ውሻው በተወሰኑ መንገዶች ላይ ያለ ማሰሪያ እንዲሄድ የሚፈልግ ሰው ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ለውሻው አንገት መለያ ይወስዳል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ትምህርት መከታተልና ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን ማሳየት አለበት። አንድ ሰው ያለ ማሰሪያ መልቀቅ የሚችለው ከሁለት ውሻ አይበልጥም፤ ማሰሪያውን ግን ይዞ መሄድ አለበት። ውሻው ከባለቤቱ ዓይን መሰወር የለበትም። ሲጠራም በመጀመሪያው ጥሪ መምጣት አለበት፤ አጋዘን እየሮጠ ሲያልፍም ቢሆን፣ ሌላ ውሻ ቢጮህበትም ቢሆን። ይህን ፈተና ስንት ውሻ እንደሚያልፍ ውሻ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

«የእኔ ውሻ ገር ነው፣ ዝንብ አይነካም» የሚለው መልስ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማ ነው። እውነት ሊሆንም ይችላል። ችግሩ አጋዘኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዱር እንስሳ የሚሸሸው ከሚነክሰው ውሻ ብቻ አይደለም፤ ከመልኩም ከሽታውም ይሸሻል፤ ሽታው ደግሞ ባለቤቱ ቤቱ ከገባ በኋላም መሬቱ ላይ ይቀራል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት እዚያው ቦልደር አካባቢ ውሻ የሚገባባቸውንና የማይገባባቸውን መንገዶች አነጻጽሯል። አጥኚዎቹ የአጋዘን በጠጥ ቆጠሩ፣ ዱካ የሚይዝ ሰሌዳ መሬት ላይ ዘረጉ፣ ካሜራ ተከሉ። ውሻ በማይገባበት ቦታ አጋዘኖቹ የሚርቁት ከመንገዱ 50 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ውሻ በሚገባበት ቦታ ርቀቱ 100 ሜትር ደረሰ። ጥንቸሎችና ሽኮኮ መሰል ትንንሽ እንስሳትም ከመንገዱ ዳር ቀነሱ፤ ቦብካት የተባለው የዱር ድመትም እንዲሁ። የሚገርመው ሬድ ፎክስ የተባለው ቀበሮ በተቃራኒው ውሻ ባለበት በብዛት ታየ፤ ስለዚህ «ውሻ ሁሉንም ያባርራል» ብሎ መደምደምም ልክ አይሆንም። የ100 ሜትሩን ቁጥር ግን አቅልሎ ማየት አይቻልም። መንገዱ ሁለት ጎን አለው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 50 ሜትሩ 10 ሄክታር፣ 100 ሜትሩ 20 ሄክታር መሬት ከአጋዘኑ ይወስዳል ማለት ነው።

ማሰሪያውስ መፍትሔ አይሆንም? በከፊል ብቻ። በአውስትራሊያ በሲድኒ ዙሪያ ባለ ጫካ የተካሄደና በ2007 የወጣ ጥናት የተጠቀመው በማሰሪያ የተያዙ ውሾችን ነበር፤ ሆኖም ውሻ ካለፈ በኋላ የሚታዩት የወፍ ዓይነቶች በ35 በመቶ፣ የወፎቹ ቁጥር በ41 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሰው ብቻውን ሲያልፍ የሚያደርሰው ረብሻ አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ግማሽ አይሞላም። ጥናቱ የለካው የአፍታውን ሽሽት ነው፤ ወፎቹ ለዘለቄታው ጠፉ አላለም፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። ያም ሆኖ ከእሱ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ጥሩ ሥነ ሥርዓት ያለው ውሻም ቢሆን በቦታው መገኘቱ ብቻ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለውሻ የተከፈተ መንገድ በሕሊና ሊከፈት የሚችለው ለውሻ የተዘጋ መንገድ በአጠገቡ ካለ ነው። የቦልደር አውራጃ፣ ማለትም ከከተማው የተለየው አስተዳደር፣ ሆል ራንችንና ካሪቡ ራንችን ለውሻ ዝግ ያደረገው በዚህ መንፈስ ነው። መዘጋት የሚደርሰውም በውሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጭልፊቶችና ንስሮች በፍላታይረንስ ገደሎች ላይ በሚፈለፍሉበት ወቅት ከፌብሩዋሪ መግቢያ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በርከት ያሉ ቋጥኞች ለሰውም ይከለከላሉ።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ኩስ ነው። «ኮዮቴ የሚባለው የዱር ውሻም አጋዘኑም እዚያው ሜዳ ላይ ይጥላል፤ የውሻዬ ምን ልዩ አደረገው?» ይባላል። ልዩነቱ ምግቡ የመጣበት ቦታ ነው። አጋዘን የሚጥለው እዚያው የጋጠውን ሣር ነው፤ ከመሬቱ ወስዶ ለመሬቱ ይመልሳል። ውሻ ግን ጠዋት ቤቱ የሚበላው ሌላ አገር ታርዶና ታጭዶ በከረጢት የመጣ ምግብ ነው፤ ተራራው ላይ የሚያራግፈውም ከውጭ የገባ ማዳበሪያ ይሆናል። በቤልጅየም በጌንት ከተማ ዳርቻ ባሉ ጥብቅ ቦታዎች የተሠራና በ2022 የታተመ ስሌት፣ ውሾች በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 11 ኪሎ ግራም ናይትሮጅንና 5 ኪሎ ግራም ፎስፎረስ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ማዳበሪያ ለገበሬ ሲሳይ ነው። ጭንጫ መሬት ለለመዱ የዱር አበቦች ግን ሞት ነው፤ መሬቱ ሲደልብ ጉልበተኛው አረምና ሣር ቶሎ አድጎ ይውጣቸዋል። ባለቤቱ ኩሱን ቢያነሳ በስሌቱ መሠረት ፎስፎረሱ በ97 በመቶ ይቀንሳል፤ ናይትሮጅኑ ግን ግማሽ የሚጠጋው በሽንት ስለሚወርድ የሚቀንሰው 56 በመቶ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የመንገዶቹን አስቀያሚ ልማድ ማንሳት ያስፈልጋል። ሰዎች ኩሱን በፕላስቲክ ከረጢት ያነሱና አፉን ቋጥረው «ስመለስ እወስደዋለሁ» በሚል ከድንጋዩ ሥር ያስቀምጡታል። ከዚያ በሌላ መንገድ ይወርዳሉ። ሳያነሱ ቢተዉት አንድ ቆሻሻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ።

በክትባቱ ማስረጃ ላይ የሚያጉረመርሙ ሰዎች ደግሞ የባሌን ታሪክ ቢያውቁ ይመረጣል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ 500 አይሞላም። በ2003 በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨረሰ፤ በሽታው የመጣው ከከብት ጠባቂዎች ውሾች ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ተከተለ። እዚያ የተገኘው መድኃኒት ውሻን ከተራራው ማባረር አልነበረም፤ እረኛ ያለ ውሻ በጅብ አገር እንዴት ያድራል? በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን በየመንደሩ እየዞሩ መከተብ ነው የተያዘው፣ በኋላም ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በአፍ በሚሰጥ ክትባት መጠበቅ ተጨመረበት። ቦልደር ባሌ አይደለም፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ውሻና አውሬ በአንድ ተራራ የሚያድሩ ከሆነ የውሻው ጤና የግል ጉዳይ መሆኑ ያከትማል።

የእብድ ውሻ በሽታ ስለ ሰዎች ፍርሃትም ይነግረናል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን የሚገድለው ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። ውሻ በግቢ ታስሮ ሌባ እንዲጠብቅ በሚያድግበት፣ ማታ በየመንደሩ መንጋው በሚለቀቅበት አገር ያደገ ሰው፣ የሚሮጥበት ውሻ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ አላዋቂነት አይደለም፤ ልምድ ያስተማረው ጥንቃቄ ነው። አንዳንዱም በሃይማኖቱ ምክንያት የውሻ ምራቅ እንዲነካው አይፈልግም። ከሃምሳ ሜትር ርቀት «አይዟችሁ፣ ተጫዋች ነው!» ብሎ መጮህ የባለቤቱን ልብ እንጂ የዚያን ሰው ልብ አያሳርፍም። ትክክለኛው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ውሻውን ጠርቶ ከመንገዱ ገለል ማድረግ፣ አጭር አድርጎ መያዝ፣ ሰውየው እስኪያልፍ መጠበቅ። የፈራው ሰውም ቢሆን ከመሮጥ ይልቅ ቆም ቢል ይሻለዋል።

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሰማ ሰው «ታዲያ ለምን ጨርሶ አይከለከልም?» ማለቱ አይቀርም። ከቦልደር በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ውሻ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከመንገድ ዳሩና ከድንኳን መትከያው አልፎ በእግር መንገዶቹ ላይ አይወጣም። ለዚያ ፓርክ ትክክል ነው፤ ስፋቱና ከፍታው ለአውሬው መሸሸጊያነት ይስማማል። ከከተማ ዳር ላለ ግርጌ ግን ፍጹም ክልከላ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ውሻ ያለው ሰው በየቀኑ መውጣት አለበት፤ የተፈቀደለት ቅርብ መንገድ ካጣ ወደ ተከለከለው ይገባል፣ ወይም ለመሬቱ ግብር መክፈሉን ይጠላል። መሬቱን ከቤት ሠሪዎች ያተረፈው የእነዚሁ ሰዎች ድምፅ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ጥቂት መንገዶችን በግልጽ ሰጥቶ ሌሎቹን በጥብቅ መዝጋት፣ ሁሉንም በወረቀት ከልክሎ በተግባር ከማጣት ይሻላል።

ውሻውም ቢሆን ከደንቡ ይጠቀማል። በበጋ እዚያ ዳገት ላይ ጥላ ጥቂት ነው፤ ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ ላብ ስለማያወጣ ሰውነቱ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነው ዝርያም ቶሎ ይዝላል። በድንጋዩ ሥር ጅራቱን የሚያንኳኳው ራትልስኔክ የተባለ መርዛም እባብ አለ፤ ከሣሩ መዥገር ይጣበቃል፤ የተራራ አንበሳም ሆነ ኮዮቴ ከባለቤቱ ርቆ የሚሮጥን ትንሽ ውሻ እንደ ምሳ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ለእሱ የሚሆን ውሃ ይዛችሁ በማለዳ ውጡ፤ መንገዱ መነሻ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብቡ፣ ደንቡ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይለያያልና። ውሻችሁ አጋዘን እያየ በአንድ ጥሪ ካልተመለሰ በማሰሪያ ያዙት፤ በማሰሪያም ካስቸገረ ተራራውን ትታችሁ ለውሻ በታጠረ ሜዳ አሠልጥኑት።