ሥዕል የሚያነብ ዓይን፦ ኮሚክስና ሥዕላዊ ልቦለድ ለጀማሪው

ኮሚክስ ማንበብ ከየት ልጀምር ብሎ የሚጠይቀኝ ትልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጅማ ውስጥ አንድ መምህር እንዲሁ ጠየቀኝና ጥያቄውን ሳይጨርስ «ለልጆቼ ነው» ብሎ ጨመረበት። መጽሐፉን ያገላበጠበት እጅ ግን ለራሱ እንደሆነ ይናገር ነበር። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰቃ ልቦለዱንም ታሪኩንም አንብበው፣ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ሲያዩ ግን «ይህ የሕፃናት ነው» ብለው የሚያልፉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው።

ነገሩ ሲጀመር ቀላል ነው። ሥዕሎች በተራ ተደርድረው አንድ ታሪክ ሲናገሩ ኮሚክስ ይባላሉ። ታሪኩ ረዝሞ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ኖሮት፣ እንደ ልቦለድ በአንድ ጥራዝ ሲወጣ ሥዕላዊ ልቦለድ እንለዋለን። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ለአሳታሚና ለመጽሐፍ ሻጭ ይጠቅም ይሆናል፤ አንባቢ ግን አይጨነቅበት።

እኔ የምጨነቀው «ይህ የእኛ አይደለም» በሚለው አስተያየት ነው። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብተው ከሆነ፣ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የያዘ ሸራ ሳያዩ አልወጡም። ሸራው በረድፍ በረድፍ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፍሏል፤ ብዙውን ጊዜ ሥዕሎቹ 44 ናቸው። ከላይ በግራ በኩል ሕዝብ የሚገብርለት ዘንዶ ይታያል። ዘንዶውን በመርዝ የገደለው ሰው ይነግሣል፤ ልጁ በተራዋ ትነግሣለች፤ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ወሬ ይዞ ከኢየሩሳሌም ይመለሳል፤ ንግሥቲቱም ጓዟን ጭና ትነሣለች። በየሥዕሉ አጠገብ አንዲት መስመር አማርኛ አለች። ከክብረ ነገሥትና ከቃል ተረት የተቀዳው ይህ ታሪክ ፊደል ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እኩል ይነበባል። ሠዓሊዎቻችን ኮሚክስ የሚለውን ቃል ሳይፈልጉት ሥራውን ሠርተውታል።

አሁን እዚያው ሸራ ላይ አንድ ቦታ አብረን እንቁም። ሰሎሞን ለእንግዳዋ ቅመምና በርበሬ የበዛበት ግብር ያቀርባል። እሷ ከቤቱ ያለ ፈቃዱ ምንም ላትወስድ ምላለች። ሌሊት ውሃ ይጠማትና ትጠጣለች፤ ንጉሡም መሐላሽን አፈረስሽ ይላታል። ዓይናችንን ጥቂት ሥዕሎች አለፍ ስናደርግ ንግሥቲቱ ሀገሯ ገብታ ምኒልክን ታቅፋለች። አንዳንዱ ሠዓሊ አልጋውን ደፍሮ ይሥለዋል፤ ሌላው ከውሃው ወደ መንገዱ ይሻገራል። የተሻገረው ሠዓሊ ምንም አላጎደለብንም። የተዘለለውን ሌሊት የሚሞላው ተመልካቹ ነው፤ ሽማግሌው በፈገግታ፣ ሕፃኑ በጥያቄ ይሞላዋል።

ኮሚክስ የማንበብ ጥበብ ያለው እዚያ ነው። አንዱ ሥዕል የታጠረበትን መስመር ክፈፍ እንበለው፤ በሁለት ክፈፎች መካከል የቀረውን ነጭ ቦታ ደግሞ ክፍተት። አሜሪካዊው ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ኮሚክስን በኮሚክስ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲያሳትም ብዙ ገጽ የሰጠው ለዚህ ክፍተት ነበር። ምሳሌውን ግን ከጅማ ጓሮ እናምጣው።

በመጀመሪያው ክፈፍ የአንዲት ሴት እጅ ቀይ እሸት ቡና ከቅርንጫፍ ይለቅማል፤ ከሥር ቅርጫት አለ። በሁለተኛው ያው እጅ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈሉን ያገላብጣል። በሦስተኛው ሚዛን ይታያል፤ እጁ ባዶውን ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። አንድም ቃል አልተጻፈም። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለፈው ጊዜ ነው፤ ቡናው ፀሐይ የጠጣባቸው ቀናትና ሳምንታት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ግን ያለፈው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው እዚያ ውስጥ አለ። ያ እጅ ለምን ባዶ ሆነ? ሸጣ አረፈች ወይስ ተከፋች? ቡና ያመረተ አንባቢ መልሱን በአንድ እይታ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ሆኖ ቡና የሚጠጣው ምናልባት ሁለት ጊዜ ማየት ይኖርበታል። ሠዓሊው ፊቷን ቢያሳየን ኖሮ ሥራው በተጠናቀቀ ነበር፤ እጇን ብቻ ስላሳየን ሥራው ወደ እኛ ተላለፈ።

ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ቀስ ይበሉ የሚል ነው። መቶ ገጽ ያለው ሥዕላዊ ልቦለድ በአንድ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይጨርሰውና «ምንም የለበትም» ይላል። ጽሑፉን ብቻ ተከትሎ ሮጦ፣ ሥዕሉን እንደ ጌጥ አልፎታል። ሥዕሉ ግን የዓረፍተ ነገሩ እኩሌታ ነው። ሰውየው «ደህና ነኝ» ሲል እጁ ስኒውን ጨብጦ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ እውነቱ ያለው ከስኒው ላይ ነው።

የገጹ ሥርዓት አማርኛ ለሚያነብ ሰው አይከብድም፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ንግግር እንደ ፊኛ በተነፋ አረፋ ውስጥ ይጻፋል፤ ጭራው ወደ ተናጋሪው ይጠቁማል። ጠርዙ እንደ ደመና የተጠቀለለ ከሆነ ሰውየው በልቡ እያሰበ ነው። በአራት ማዕዘን የተጻፈው የተራኪው ድምፅ ነው። ፊደሉ ሲወፍር ድምፁ ከፍ ብሏል። ሰፊ ክፈፍ ጊዜን ያረዝማል፤ ጠባብ ጠባብ ክፈፎች ሲደረደሩ ልብ ይመታል። ጎበዝ ሠዓሊ ድንገተኛውን ነገር ገጹ ሲገለጥ እንዲታይ ከጀርባው ይደብቀዋል። በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ክፈፎቹን አንድ በአንድ ከማጉላትዎ በፊት ሙሉውን ገጽ ይዩት፤ ሠዓሊው ያሰበው ገጹን እንጂ ቁርጥራጩን አይደለም።

ይህን ዓይነት ምልክት ማንበብ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ጣና ላይ፣ እንደ ጅማ ሁሉ ቡና በሚበቅልበት በዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ግድግዳውን ዞሮ ሲያይ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ የሚነግረው አይፈልግም።

ጅማ ውስጥ ግን ያ ግድግዳ የሁሉም የልጅነት ትዝታ አይደለም። ብዙው ሰው ያደገው በመስጊድና በመድረሳ ዙሪያ ነው፤ እሱም ሌላ ዝግጅት ይዞ ይመጣል። የጃፓን ኮሚክስ፣ ማንጋ የሚባለው፣ በብዙ ትርጉሞቹ ሳይቀር የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ አንባቢ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በግርታ ያልፋቸዋል። ቁርኣን የቀራ ልጅ ግን መጽሐፍ ከቀኝ መግለጥ ከድሮ ያውቃል። ደግሞም ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ የምታሳየው የቤተሰብ ጤና ካርድ ላይ ነፍሰ ጡሯን፣ ወሊዱን፣ ክትባቱን በተከታታይ ሥዕል ያላየ የገጠር ቤተሰብ ጥቂት ነው። እናቶች ያን ካርድ ሲያነቡ ኖረዋል፤ ማንበብ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ታዲያ በየትኛው መጽሐፍ እንጀምር? እኔ «ጀምበር»ን አስቀድማለሁ። በሥራት ደበበ የመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሲሆን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይገኛል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ከኮሌጅ ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከዚያ ያልጠበቀው ኃይል ያገኘዋል። የጀግና ታሪክ የማይወድ አንባቢ እንኳ ሥራ ፍለጋውን ያውቀዋል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ደግሞ ከማንም በላይ። ከዚያው ቤት «ሐዊ» ቀጥላ መጥታለች፤ ባለታሪኳ ሴት ናት። ለታዳጊዎች ብሩክታዊት ጥጋቡ የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀውን «ጥበብ ገርልስ» እመክራለሁ፤ ሦስት ልጃገረዶች ጎጂ ልማዶችን የሚጋፈጡበት ነው፤ በአኒሜሽንም ቀርቧል።

ከጀግኖች ታሪክ ይልቅ የሰፈር ሕይወት የሚስበው አንባቢ በእንግሊዝኛ ማንበብ ከቻለ «አያ»ን ይፈልግ። ደራሲዋ ማርገሪት አቡዌ ኮት ዲቯር የተወለደች ናት፤ ሥዕሉ የክሌማን ኡብሬሪ ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአቢጃን ዮፑጎን ሰፈር ያሉ ልጃገረዶችን ይከተላል፤ ትምህርት፣ ፍቅር፣ የአባት ቁጣ፣ የጎረቤት ወሬ። ያን ጊዜ ያቺ ሀገር የበለጸገችው በካካዎና በቡና ነበር። የቡና ዋጋ ሲወጣ የሚያገባ፣ ሲወርድ ሠርጉን የሚያሸጋግር አካባቢ ያደገ ሰው እዚያ ሰፈር ውስጥ እንግዳ አይሆንም። የአፍሪካ ታሪክ ሁሉ ጦርነትና ረሃብ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላነበብኩም።

ከእነዚህ በኋላ ከባዱ ይመጣል። አርት ስፒገልማን «ማውስ» በተባለው ሥራው አባቱ ከናዚ እልቂት እንዴት እንደተረፈ ይተርካል፤ አይሁዶቹን አይጥ፣ ናዚዎቹን ድመት አድርጎ ሥሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ሽልማት ሲሰጠው ሥዕላዊ ታሪክ ቁም ነገር አይሸከምም የሚለው ክርክር አበቃ። ኬይጂ ናካዛዋ ደግሞ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ «ባዶ እግሩ ጌን»ን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሣለው ካየው ነው። ሁለቱንም ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት እርስዎ ያንብቧቸው።

ስለ አንድ ሰው ደግሞ መናገር አለብኝ። ጅማ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆሙት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች በሚሠሩባቸው ዓመታት አንድ የጣሊያን ልጅ ከእናቱ ጋር አባቱ ወዳለበት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ሁጎ ፕራት ይባላል፤ አባቱ ወራሪውን መንግሥት ያገለግል ነበር። ጣሊያን ሲሸነፍ አባቱ ተማርኮ በምርኮ ሞተ፤ ልጁና እናቱ ድሬዳዋ በሚገኝ ካምፕ ታሠሩ፤ እዚያም ልጁ ከጠባቂዎቹ ኮሚክስ ይገዛ ነበር። ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጥሮ ከአውሮፓ ታላላቅ የኮሚክስ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ፤ ከመጻሕፍቱም አንዱ «ኢትዮጵያውያን» የሚል ርእስ አለው። መሬቱን በፍቅር ሥሎታል፤ ያየው ግን ከወራሪው ሰፈር ባደገ ልጅ ዓይን ነው። ይነበብ እላለሁ፤ ይነበብና ይኸው አገር ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚሥል እጅ ይነሣ።

ለመጀመሪያው ንባብ ብቻዎን አይቀመጡ። ቡና ሲፈላ መጽሐፉን ረከቦቱ አጠገብ ያምጡት። አቦሉ እስኪጠጣ ጽሑፉን ማንም አያንብብ፤ ገጹን በሥዕሉ ብቻ ያገላብጡና ምን ሆነ ይባባሉ። አጋሮ አንድ ቤት ይህን ስንሞክር ፊደል ያልቆጠሩ እማማ ከሁላችንም ቀድመው ባለታሪኩ እንደዋሸ አወቁ፤ «እግሩን እዩት፣ ወደ በሩ ዞሯል» አሉን። በቶናው ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። በበረካው ደግሞ ሥዕሉና ቃሉ የተጣሉበትን ቦታ ይፈልጉ።

መጽሐፉን ሲወዱት ፎቶ ኮፒ አያድርጉት፤ በስልክም አያባዙት። በሀገራችን ይህን ሥራ የያዙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የሚቀጥለውን ክፍል የሚሥሉት ያለፈውን ከገዛነው ነው።

የመሣል እጅ ካለዎት ደግሞ እባክዎ ዝም አይበሉ። ቡና ተገኘባት የምትባለው ጮጬ እዚሁ ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ናት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ጦር ሳይማዘዙ በግብር ተስማምተው ጅማን እንዴት እንዳቆዩ የሚያስታውሰው ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። ሦስት ክፈፍ ይበቃል ለመጀመሪያ። ከእጅ፣ ከቅርጫትና ከሚዛን ይጀምሩ።