ከችካል እስከ መጠቀሚያ ፈቃድ፦ ማዘጋጃ ቤቱ እንዴት ይሠራል?

በማደግ ላይ ባለ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክፍል ነው፦ የግንባታ ፈቃድ። ሰልፉ እዚያ ነው፣ «ነገ ተመለስ» የሚባለው እዚያ ነው፣ ስለ እጅ መንሻ የሚወራውም ባብዛኛው ስለዚያው ክፍል ነው። ግን ቦታው ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ባለጉዳዩ ፎልደሩን ይዞ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ፕላን ክፍሉ ወስኖታል። ቤቱ ጸንቶ ይቁም ወይም ይሰንጠቅ የሚለው ደግሞ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ በሚደረግ ወይም በማይደረግ ክትትል ይለያል። ባለጉዳይ የሚጣላው መሐል ላይ ካገኘው ሰው ጋር ነው።

ባሕር ዳርን እንውሰድ። እንግዳ የሚያደንቃቸው ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ በአጋጣሚ የተገኙ አይደሉም። በ1950ዎቹ በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመሩ የጀርመን ባለሙያዎች ባዘጋጁት ፕላን፣ ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች የጎዳናው ስፋት ተከልሎ ተቀመጠ። በዚያው ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ ተቋቋሙ። መንገዱ ከሕዝቡ ቀድሞ መጣ ማለት ነው። ነገሩ በተገላቢጦሽ የሆነባቸው ከተሞች ዛሬ አንድ መንገድ ለማስፋት አጥር ያፈርሳሉ፣ ካሣ ይገምታሉ፣ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ።

ሥራው አሁን የሚመራው በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነው። አዋጁ መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለየብቻ ያስቀምጣል። መዋቅራዊ ፕላኑ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ከተማዋ ወዴት ትሰፋለች፣ ዋና ዋና መንገዶቿ የት ያልፋሉ፣ ኢንዱስትሪው የት፣ መኖሪያው የት ይሆናል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ወደ ሰፈር ወርዶ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን ስፋትና የሕንፃውን ከፍታ ይናገራል። በሀገር ደረጃ የተያዘው መመዘኛ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ወረቀት ላይ ግሩም ነው።

ችግሩ ዳር ዳሩ ላይ ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ የገበሬውን ማሳ «የወደፊት መኖሪያ» ብሎ ቢጫ ቀባው እንበል። ዝርዝር ፕላኑ እስኪሠራ፣ ሽንሻኖው እስኪወጣ፣ ካሣው እስኪከፈል ዓመታት ያልፋሉ። ገበሬው ደግሞ መሬቱ አንድ ቀን እንደሚወሰድ ያውቃል። የካሣው ስሌት በምርት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የ1997ቱ አዋጅ የ10 ዓመት ምርትን መነሻ አድርጎ ነበር፣ የ2011ዱ ወደ 15 አሳደገው። ያው ቦታ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ግን የሚጠራው ዋጋ የጤፍ ዋጋ አይደለም። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት በተፈረመች አንዲት ወረቀት ለከተሜ ይሸጣል፤ ገዢውም ሌሊት ቆርቆሮ መትቶ ጨረቃ ቤቱን ያቆማል። ማዘጋጃ ቤቱ ኋላ መጥቶ «ሕገወጥ» ይለዋል። ልክ ነው፣ ሕገወጥ ነው። ግን ቢሮው ራሱ ዘግይቶ መድረሱን በሪፖርቱ ላይ ሲጽፍ አይታይም።

በሕጋዊው መንገድ መሬት የሚተላለፈው በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ለመኖሪያ ሲሆን ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ቦታው ከተሰጠ በኋላ ቀያሹ ይወጣል። ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመለኪያ መሣሪያ ተክሎ የቦታውን አራት ማዕዘን በችካል ያሳያል፤ ባለቤቱም ችካሉን በወሰን ድንጋይ ይተካል። ብዙ የወሰን ክርክር የሚጠነሰሰው እዚህች ቀን ላይ ነው። በአገራችን የቆየው ካርታ «አዲንዳን» በሚባለው የልኬት መነሻ የተሠራ ሲሆን በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ደግሞ ካልቀየሩት በቀር በዓለም አቀፉ መነሻ ያነባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ነው። መሣሪያውን ሳያስተካክል የወጣ ሰው የአንዱን ሰው ጓሮ ሌላ ሰፈር ያገኘዋል። ይህን ያህል ስህተት ወዲያው ስለሚያስቅ ይታረማል። የሚከፋው የግማሽ ሜትሩ ነው፤ አጥር ከታጠረ በኋላ ጎረቤታሞችን ዕድሜ ልክ ያኳርፋል።

የምህንድስና ክፍሉ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ውሃ ነው። መንገድ ነው ቢባልም ውሃ ነው። ባሕር ዳር የጣና ዳር ከተማ ናት፤ መሬቷ ለጥ ያለ ነው። ተዳፋት በሌለበት ከተማ የጎርፍ መውረጃ የሚሠራው ከመጨረሻው ተነሥቶ ነው፦ ውሃው የት ይፈስሳል፣ ያ ቦታ ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ በስንት ተዳፋት እንምጣ እየተባለ። ከሰፈሩ መሐል ተጀምሮ «መጨረሻው በሚቀጥለው በጀት» የተባለ ዲች ክረምት ሲገባ የወባ ትንኝ ገንዳ ይሆናል።

ሌላው በየከተማው የሚታይ ነገር የኮብልስቶኑ ከፍታ ነው። ነዋሪው አዋጥቶ፣ ከተማው ጨምሮ፣ የሰፈሩ መንገድ ይነጠፋል። ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ሳይወጣ ገረጋንቲ ከላዩ ይደለደላል፣ አሸዋ ይጨመራል፣ ድንጋዩ ይደረደራል፤ መንገዱ ከግቢዎቹ በር በላይ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ በቀጥታ ሳሎን ይገባል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አባወራ በሩ ላይ የየራሱን የሲሚንቶ ግድብ ይሠራል፤ ውሃው ከአንዱ ቤት ተመልሶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ የመንገዱ የመጨረሻ ከፍታ አስቀድሞ ተወስኖ ለፈቃድ ክፍሉ ይሰጥ፣ ቤት የሚሠራውም ሰው የወለሉ ከፍታ ከዚያ በላይ እንዲሆን ፈቃዱ ላይ ይጻፍለት። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለት ክፍሎች መነጋገር ነው። የሚከብደውም እሱ ነው። በአንድ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ወረቀት ያላየባቸው ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም፤ ውሃና ፍሳሽ፣ ቴሌና መብራት ኃይልማ ጭራሽ ሌላ ግቢ ናቸው። ትናንት የተነጠፈው መንገድ ዛሬ ለቧንቧ የሚቆፈረው በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ከከተማው ገቢና ከመንግሥት ድጎማ ይመጣል። በዓለም ባንክ ይደገፍ የነበረው የከተሞች ፕሮግራም በ117 ከተሞች ሲሠራ ድጎማውን ከአፈጻጸም ጋር አያይዞት ነበር፤ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ያላዘጋጀ ከተማ ገንዘብ አያገኝም ነበር። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የመንገድና የዲች ሥራቸውን በቅደም ተከተል መጻፍ የለመዱት በዚህ ግዴታ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ሰልፍ እንመለስ። ለዓመታት ሥራውን የመራው የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ከ10,000 በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች «የሕንፃ ሹም» እንዲኖር አደረገ። ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ «ሀ» በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤትና መሰሉ ነው። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ምድብ «ለ» ይባላል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ይበዛል፦ ካርታ፣ የፕላን ስምምነት፣ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ዲዛይን፣ የአፈር ምርመራ።

ዲዛይን መርማሪው (ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ስክሪብቶ የያዘ ሁሉ «ኢንጂነር» ስለሚባል ትክክለኛውን መለየት ያስቸግራል) ፋይሉን ሲከፍት አይኑ የሚያርፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ምድር ቤት ያለው ኮለን ላይኛው ፎቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ለሱቅ መስኮት ሲባል መሐል ላይ ጠፋ? የሴፕቲክ ታንኩ ከጎረቤት አጥር ምን ያህል ይርቃል? አርክቴክቱ ያሳየው ደረጃ በስትራክቸሩ ወረቀት ላይ አለ? ሁለቱ ባለሙያዎች ተያይተው የማያውቁ ከሆነ የሚጋለጡት በዚህ ደረጃ ነው። ፋይል ሲመለስ ባለቤቱ ማንገላታት ይመስለዋል፤ አንዳንዴም እውነት ማንገላታት ነው። ምክንያቱ ተጽፎ ከተሰጠው ግን መልሶ የሚያጉላላው ሰው የለም፤ በቃል ብቻ «አስተካክለህ ና» የተባለ ሰው ይጠርጥር።

ፈቃዱ ወጣ። ከዚህ በኋላ ተቆጣጣሪው መገኘት ያለበት ቀን አርማታ ከመሞላቱ በፊት ያለው ነው። ካሳ ፎርማው ተገጥሟል፣ ፌሮው ታስሯል። ተቆጣጣሪው ሜትሩን ያወጣና ስታፋው ስንት ሳንቲሜትር ላይ እንደታሰረ ይለካል፤ በተለይ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት፣ ስታፋው ጠበቅ ጠበቅ ማለት ባለበት ቦታ። ፌሮው ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ከሆነ አርማታው አይሸፍነውም፣ ነገ ይዝጋል። ይህ ሁሉ ሲሚንቶው ከተሞላ በኋላ አይታይም። በስምጥ ሸለቆ ለሚገኙት ለአዳማና ለሐዋሳ ይህ ሜትር የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲደጋገም የከረመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከፎቅ አስወርዷል። መኪና የሌለው፣ በቀን ብዙ ሳይት የተመደበለት ተቆጣጣሪ ግን ፎርማኑ በስልክ የላከለትን ፎቶ አይቶ ይፈርማል።

ለምድብ «ሐ» ሕንፃ የመጨረሻው ወረቀት የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ሕንፃው በተፈቀደለት ዲዛይን መሠረት መሠራቱ ተረጋግጦ ሰው እንዲገባ የሚፈቀድበት ነው። ባንኩ ምድር ላይ ከፍቶ ላይኛው ፎቅ ገና ሲለሰን ያየ ሰው ይህ ወረቀት ምን ያህል እንደሚጠበቅ መገመት ይችላል።

አሥሩ ዓመት ሲሞላ መዋቅራዊ ፕላኑ ይከለሳል። የክለሳው የመጀመሪያ ሥራ የመስክ ቆጠራ ነው፤ ቡድኑ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ በአሮጌው ፕላንና በመሬት ላይ ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ይመዘግባል። አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ላይ የተሠሩት ቤቶች «ነባራዊ ሁኔታ» ተብለው ይገባሉ፤ ብዛታቸው ለማፍረስ የሚያስቸግር ከሆነ አዲሱ ፕላን ቢጫ ይቀባቸዋል፣ አረንጓዴውን ደግሞ ገና ማሳ ወደሆነ ቦታ ያዛውረዋል።