ቄሳችንም ወረቀት ይዘው ሲራመዱ

እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የተናገርኩትን ጻፊው ስለተባልኩ ነው ይህን ያቀረብኩት። ትምህርቴ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ስህተት ካያችሁ በፍቅር እለፉልኝ።

ነገሩ ስለ እግር ጉዞው ነው። "መራመድ እንዴት ገንዘብ ያመጣል?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እኔም ቄሳችን መጀመሪያ ሲናገሩ እንዲሁ ነበር ያልኩት። እግሬ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሲመላለስ ይውላል፤ ለእርምጃዬ የከፈለኝ ግን የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጓዡ አንድ ወረቀት ይወስዳል። ወረቀቱ ላይ የሰጪው ስምና በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚሰጥ ይጻፋል። በኪሎ ሜትር መቁጠር ያልፈለገ አንድ ጊዜ የሚሰጠውን ያስጽፋል። ተጓዡ ሲጨርስ ወረቀቱ ይፈረምለታል፤ ያንን አሳይቶ ቃል የተገባለትን ይሰበስባል። የእኔ ማዳም በኪሎ ሜትር 2 ዶላር ብላ ጻፈች። 6 ኪሎ ሜትር ስለሄድኩ 12 ዶላር ሰጠችኝ።

ይህን የጀመርነው እኛ አይደለንም። በአሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ቢስማርክ በምትባል ከተማ በ1969 እ.ኤ.አ. አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ለተራቡ ወገኖች ብለው ተራምደው 25 ሺህ ዶላር ሰብስበዋል። ጉዞው ክሮፕ ዎክ ይባላል። ዛሬም በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቀሳውስትና ምእመናን አብረው ይራመዳሉ። ከሚገኘው ገንዘብ ከመቶ 25 እጁ እዚያው አካባቢ ላሉ ችግረኞች ይውላል። መራመድ የተመረጠው ድሃ ሰው ውኃና ምግብ ፍለጋ በእግሩ ስለሚሄድ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ አብረነው እንሂድ ለማለት። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ በልጅነቴ ጀሪካን አዝዬ ከምንጭ የምወጣው ዳገት ነው።

የእኛ ጉዞ ለአንዲት እህታችን ነበር። መስኮት ስትወለውል ወድቃ እግሯ ተሰበረ። አሠሪዋ የቀዶ ጥገናውን ሂሳብ ከፊሉን ከፈለና ዝም አለ። 1,500 ዶላር ቀረባት።

እውነቱን ልናገር። ከዚህ በፊት ለሌላ እህት ትኬት ስናዋጣ ተጣልተናል። ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ሳትሄድ ሦስት ወር አለፈ። ከዚያ ወዲህ "መዋጮ" ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን እናዞራለን። ላባችን ነውና አይፈረድብንም።

አሁን ነገሩን የለወጠው የቄሳችን ሥራ ነው። እሳቸውም እንደ እኛ ወረቀት ወሰዱ። 11 ሰው ጠይቀው አራቱ እምቢ እንዳሏቸው፣ አንዱ ባለሱቅ ደግሞ ሦስት ጊዜ "ነገ ይምጡ" እንዳላቸው ሳይደብቁ ነገሩን። "ስጡ ማለት ለምጃለሁ፤ መለመን ግን አላውቅም ነበር" አሉ። እኔ ማዳምን ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈርቼ ነበር። እሳቸው ካላፈሩ እኔ ምን ያሳፍረኛል ብዬ ጠየቅኳት። ማዳምም መጀመሪያ ያለችኝ "ቄሱ ራሳቸው ይሄዳሉ?" ነው። አዎ ስላት ጻፈች።

በእሁዱ ከዓይን መሬይሴ ተነስተን በኮርኒሹ ባሕሩን ይዘን እስከ ራውሼ ሄድን። ቄሳችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ራውሼ ስንደርስ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። "አባታችን፣ መመለሻውን በታክሲ ይሂዱ" ብንላቸው "ወረቀቴ ላይ 6 ነው የተጻፈው" ብለው ተነሱ። ሌሎቻችንም እርምጃችንን ቀንሰን በእሳቸው ልክ ሄድን።

እሁድ የማይለቋት አንዲት እህታችን ደግሞ ልብስ ልታሰጣ ጣራ ላይ ስትወጣ ዙር እየቆጠረች ተራመደች። ቄሳችን የእሷንም ወረቀት ፈረሙላት። ኢቃማ የሌላችሁ እህቶች መንገድ ላይ አትውጡ፤ ወረቀት በመጻፍና በመቁጠር ማገዝ ይቻላል።

ገንዘቡን ሦስት ሰዎች ቆጠሩት፤ ድምሩ በሁላችን ፊት ተነበበ፤ የሆስፒታሉ ደረሰኝም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። 1,140 ዶላር ሆነ። መዋጮ እንዲህ ሲሆን ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

360 ዶላር ይቀረናል። እህታችን አሁን በክራንች ነው የምትሄደው፤ ሐኪሙም ገና ሊያያት ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እንራመዳለን። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጠየቅ የምትፈሪ ካለሽ ወደ እኔ ነይ፤ አብረን እንጽፋለን። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ወረቀት ግን ተይዟል፤ የቄሳችን ነው።