ሎጎ ላይ የቆመ ታብሌት

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ በጽዱና በወይራው መካከል ታብሌት ይዞ የሚዞር የሥነ ዕጽዋት ተማሪ አለ እንበል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ማዕከል በእንጦጦ ተራሮች ላይ ከ700 ሄክታር በላይ ይዟል። ተማሪው ከኮሶው ወደ አስታው እየተሻገረ የየተክሉን ፎቶ፣ ቁመትና የጂፒኤስ ነጥብ ይመዘግባል። ከሰዓት በኋላ ታብሌቱ በራሱ ይጠፋል፤ ሲነሣም የአምራቹ ምልክት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ጠጋኞች «ሎጎ ላይ ቆሟል» ይላሉ። ቀጥለውም «ፍላሽ ይደረግ» ማለታቸው አይቀርም።

ከመስማማቱ በፊት ግን ታብሌቱ እንዴት እንደሚነሣ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የኃይል ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ላይ ለዘለቄታው የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነው፤ እሱን ማንም አይለውጠውም። እሱ ቡትሎደሩን ይጠራል፤ ቡትሎደሩ ከርነሉን፣ ከርነሉ ደግሞ አንድሮይድን ያስነሣል። ፈርምዌር የምንለው ከቡትሎደሩ ጀምሮ ያለውን፣ ቦርዱ ላይ በተበየደችው የማከማቻ ቺፕ ውስጥ በየክፍሉ የተቀመጠውን ነው። የባለቤቱ ፎቶና መዝገብም እዚያችው ቺፕ ላይ፣ በሌላ ክፍል ይገኛል። ሎጎው ከታየ ቡትሎደሩ ደኅና ነው ማለት ነው፤ የወደቀው ከእሱ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው ሪከቨሪ በሚባለው የጥገና ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ምርጫው ካለ፣ ካሹን (ጊዜያዊ ፋይሎቹን) ብቻ ማጽዳት ነው፤ ይህ መዝገቡን አይነካም። ቸኩሎ ሁሉንም የሚያጠፋ ጠጋኝ ሥራውን አሳጠረ እንጂ የደንበኛውን ነገር አላሰበም።

ሁሉም ብልሽት ፈርምዌር ድረስ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በስምጥ ሸለቆ ባለ ሌላ መንደር፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር መስጠቱ ተሰማ። የድርጅቱ ሰዎች እንደተናገሩት ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስነሡት። ዜናው «አንድሮይድን ሰበሩ» ተብሎ ተወራ። ልጆቹ የደረሱት ግን እስከ ቅንብሩ ድረስ እንጂ እስከ ቡትሎደሩ አልነበረም። ይህ ብልህነታቸውን አያሳንስም፤ እንዲያውም ታብሌቱን ሳያበላሹ ማድረጋቸው ነው የሚደንቀው።

ካሹን ማጽዳት ካልረዳ ፍላሽ፣ ማለትም ፈርምዌሩን ከኮምፒውተር እንደ አዲስ መጻፍ፣ ይመጣል። ሥራው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ትክክለኛውን ፋይል ማግኘት ነው። ለሳምሰንግ ኦዲን፣ ሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ላላቸው ኤስፒ ፍላሽ ቱል የተለመዱ ናቸው። አይፓድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ አፕል የፈረመውን ፋይል ብቻ ይቀበላል። ርካሾቹ ታብሌቶች ናቸው ጣጣው፦ ሽፋናቸውና ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው ቦርድ ይለያያል። የሌላ ቦርድ ፈርምዌር ከተጫነ ታብሌቱ ተነሥቶም ስክሪኑ ለጣት አይታዘዝ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ያነብባል። ኤስፒ ፍላሽ ቱል ውስጥ ያለውን «ሁሉንም ፎርማት አድርግ» የሚለውን ምርጫም አይነካም፤ ሲም የሚቀበል ታብሌት ከሆነ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ፍላሽ የሚደረገው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ነው፤ ቡትሎደሩ እየተጻፈ ኃይል ቢቋረጥ ሎጎው ራሱ ይናፈቃል።

የተማሪው መዝገብስ? ሙሉ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱን ክፍል ጠርጎ ያወጣል፤ የዛሬ ታብሌቶች መረጃን ቆልፈው ስለሚያስቀምጡም በኋላ ከቺፑ ቆፍሮ ማውጣት ተስፋ የለውም። ወንጪ ላይ አንድ ቴክኒሽያን በየሳምንቱ እየሄደ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። ዓላማው የልጆቹን አጠቃቀም ማጥናት ቢሆንም ለጉለሌም የሚሆን አሠራር ነው፤ ታብሌቱ ቢሞት የሚጠፋው የአንድ ሳምንት ሥራ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አለ፦ ካርዱ «የውስጥ ማከማቻ» ተብሎ ከተዘጋጀ መክፈቻው ታብሌቱ ውስጥ ስለሚቀር ሌላ ማሽን ላይ አይነበብም። ካርዱ እንደ ተንቀሳቃሽ ማከማቻ ብቻ ይዘጋጅ።

ፍላሹ ሲያልቅ የመጀመሪያው ማስነሣት ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ትዕግሥት አጥተው ያጠፉታል። ከዚያ ታብሌቱ ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የመጣ የሌባ መከላከያ ነው፤ የሚቀመጠው በተለየ ክፍል ስለሆነ ፍላሽ ብዙ ጊዜ አያጠፋውም። ታብሌቱ የመሥሪያ ቤት ከሆነና አካውንቱን ያስገባው ሠራተኛ ከለቀቀ፣ ፈርምዌሩ ድኖም ማሽኑ አይከፈትም፤ ያን ጊዜ የግዢውን ደረሰኝ ይዞ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ነው የሚቀረው። መሥሪያ ቤቶች አዲስ ታብሌት ሲያድሉ የሠራተኛውን የግል ኢሜይል ባያስገቡበት ይሻላል።