አፍሮ ላቲኖዎች፦ የሁለት ማኅበረሰብ ልጆች

የትውልድ ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካና ከካሪቢያን፣ የሩቅ ዘራቸው ደግሞ ከአፍሪካ የሚመዘዝ ሰዎች በአሜሪካ አፍሮ ላቲኖ ይባላሉ። በባሪያ ንግድ ዘመን አትላንቲክን ተሻግረው በሕይወት ከደረሱት ከ10 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን መካከል ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ ወደሚባለው ምድር በቀጥታ የተወሰዱት 400 ሺህ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት ብራዚልና ኩባን በመሳሰሉ አገሮች ተበተኑ። ያም ሆኖ ብዙ አሜሪካውያን ጥቁር ሲባል እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ላቲኖ ሲባል ደግሞ ቆዳው ነጣ ያለ ሰው ይታያቸዋል።

መገፋቱ ከቤት ይጀምራል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በፖርቶ ሪኮ ከርዳዳ ፀጉር ዛሬም “መጥፎ ፀጉር” ሲባል ይሰማል፤ ሴት ልጅ ፀጉሯን ማለስለስ የምትለምደው ገና በልጅነቷ ነው። ኒውዮርክ ስትመጣ አከራዩም ፖሊሱም የሚያዩት ጥቁረቷን ነው። ስፓኒሽ ስትናገር ግን ጥቁር ጎረቤቶቿ እንደ ባዕድ ይቆጥሯታል፤ ላቲኖው ባለሱቅም መልኳን አይቶ በእንግሊዝኛ ያናግራታል።

በሁለት ወገን መካከል መቆም ምን እንደሚመስል የአርቱሮ ሾምበርግ ሕይወት ከማንም በላይ ያሳያል። በ1874 በፖርቶ ሪኮ ከጥቁር እናት የተወለደው ሾምበርግ በ1891 ኒውዮርክ ገብቶ ለኩባና ለፖርቶ ሪኮ ነፃነት ከሚታገሉት ጋር ተሰለፈ። ከ1898ቱ የስፔንና የአሜሪካ ጦርነት በኋላ ትግሉ ሲበተን ፊቱን ወደ ጥቁር አሜሪካውያን አዞረ፤ ስሙንም “አርተር” ብሎ ይጽፍ ጀመር። የትውልድ ወገኖቹን ከድቷል የሚሉ ነበሩ፤ ሥራው ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው መጻሕፍትና ሰነዶች የሄይቲን፣ የኩባንና የአሜሪካን ጥቁሮች ታሪክ አንድ ላይ ያኖሩ ነበሩ። በ1926 ስብስቡ በ10 ሺህ ዶላር ተገዝቶ ለኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሰጥ፣ እሱ በገንዘቡ ወደ ስፔን ተጓዘ። በዚያም የሠዓሊው ቬላስኬዝ ባሪያ የነበረውን፣ ኋላም ራሱ ሠዓሊ የሆነውን የኋን ደ ፓሬኻን ሥራ ፈለገ። ፓሬኻ የቅዱስ ማቴዎስን መጠራት በሣለበት ሸራ ጫፍ ላይ የራሱን መልክ አኑሯል።

ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2020 በአሜሪካ የነበሩትን አፍሮ ላቲኖ አዋቂዎች ወደ 6 ሚሊዮን ገምቷል። ከሰባቱ አንዱ ያህል ራሱን ላቲኖ ብሎ አልመዘገበም። እስከዚያ ዓመት የሕዝብ ቆጠራ ድረስ ላቲኖነትና ዘር በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠየቁ ነበር፤ በ2024 መንግሥት አንድ ጥያቄ እንዲሆኑ ወሰነ። ከአንድ በላይ መምረጥ ይፈቀዳል። ሆኖም ላቲኖነት ከጥቁርነት ጎን እንደ ሌላ ዘር ሲደረደር፣ ብዙዎች አንዱን ብቻ መርጠው እንዳያልፉና ቁጥራቸው እንዳያንስ የሚሰጉ አፍሮ ላቲኖ ምሁራን ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ በቤት ኪራይ፣ በሥራና በጤና የሚደርስ አድልዎ የሚጣራው በዚሁ ቁጥር ነውና።