የውሾች መጠጊያ ቤት የዕለት አሠራርና ሒሳቡ

ከተማችን እንጭኒ ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች፥ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ያልፉባታል፡፡ ማለዳ ሱቅ ስንከፍትም መኪና የገጨው ውሻ በመንገድ ዳር ወድቆ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በቅርቡ ሁለት ነጋዴዎች እኔ በጸሓፊነት በማገለግልበት ሱቅ ተቀምጠው፥ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መጠጊያ የሚሆን ቤት በማኅበር ስለ ማቋቋም ሲመካከሩ ሰማሁ፡፡ አንደኛው፥ «ግቢ አጥሮ ትራፊ መወርወር ነው፤ ሌላ ምን ወጪ አለው?» አሉ፡፡ ነገሩ እንዲህ የቀለለ ስላይደለ፥ አሠራሩን ለአንባብያን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ፡፡

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፡፡ በለንደን ከተማ ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ቤት አቋቁመው ነበር፤ ቤቱ በ1871 ወደ ባተርሲ ሠፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል፡፡ በእኛም አገር ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል መጠጊያ አለ፤ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት አንበሳና አቦሸማኔ የመሳሰሉትን የዱር አራዊት ከሕገ ወጥ እጅ እያስጣለ ያኖርበታል፡፡

የመጠጊያው ሥራ የሚጀምረው በጽዳት ነው፤ ጽዳቱም ቅደም ተከተል አለው፡፡ ሠራተኛው አስቀድሞ የቡችሎቹን ክፍል፥ ቀጥሎ የጤነኞቹን፥ በመጨረሻም የበሽተኞቹን ያጸዳል፡፡ ይህን የገለበጠ እንደ ሆነ ፓርቮ የተባለውን የተቅማጥ በሽታ በጫማውና በመጥረጊያው ይዞ ለቡችሎቹ ያደርሳል፤ ይህም በሽታ ያልተከተቡ ቡችሎችን በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል፡፡ ስለዚህ ለበሽተኞቹ ክፍል የተለየ ባልዲ፥ የተለየ መጥረጊያና የተለየ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፡፡ ከዚህ በኋላ ምግብና መድኃኒት ይታደላል፤ የበላውና ያልበላው በመዝገብ ይጻፋል፤ ምግብ መተው የብዙ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ነውና፡፡

አዲስ የገባ ውሻ ከሌሎቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀልም፡፡ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቆያል፤ የትልና የቁንጫ መድኃኒትና ክትባት ይሰጠዋል፡፡ ሰው የነከሰ ውሻ ግን 10 ቀን በጥብቅ ይጠበቃል፤ በለሓጩ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስተላልፍ ውሻ በዚህ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይሞታልና፡፡

የዚህን 10 ቀን ርዝመት እኔ ዐውቀዋለሁ፡፡ ባለፈው ዓመት የመጋዘናችን ዘበኛ አንድ ቡችላ ከመንገድ አንሥቶ ግቢ አስገባ፤ ቡችላውም በሦስተኛው ቀን የዘበኛውን ትንሽ ልጅ እጁን ነከሰው፡፡ እናቱ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠበችለት፤ ልጁም በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ተወስዶ ክትባት ጀመረ፡፡ አባትየው ሌሊት ሌሊት በባትሪ እያበራ ቡችላው ውሃ መጠጣቱን ይመለከት ነበር፤ እኔም በወጪ መዝገቤ ጠርዝ ላይ ቀኑን በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር፡፡ በ11ኛው ቀን ቡችላው በጤናው ተገኘ፡፡ በሽታው ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የሌለው ስለ ሆነ፥ የተነከሰ ሰው ውሻው እስኪታይ ድረስ መጠበቅ የለበትም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ያመለክታል፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ ያሉ ናቸው፡፡ የመጠጊያው ሠራተኞችም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ራሳቸው መከተብ አለባቸው፡፡

ስለ ምግቡ ስንናገር፥ ከሥጋ ቤት የሚገኘው ትራፊ ርካሽ ቢሆንም ጥሬውን መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው፡፡ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል፤ ውሻ ይህን ጥሬውን ከበላ የትሉ ተሸካሚ ሆኖ ዕንቁላሉን በኩሱ ያወጣዋል፤ በዚህም ሰው ሊያዝ ይችላል፡፡ ስለዚህ ትራፊው መቀቀል አለበት፤ መቀቀል ደግሞ ማገዶና አብሳይ ይጠይቃል፡፡ «ትራፊ መወርወር» የተባለው ነገር ወደ ወጪ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፡፡

አሁን ነጋዴ ወደሚያውቀው ነገር እንመለስ፡፡ መጠጊያ ቤት እንደ መጋዘን ነው፤ ጥቅሙ የሚለካው በስፋቱ ሳይሆን ያስገባው ቶሎ በመውጣቱ ነው፡፡ ለምሳሌ 20 ውሻ የሚይዝ ቤት ቢሠራና እያንዳንዱ ውሻ ባለቤት እስኪያገኝ 60 ቀን ቢቆይ፥ በዓመት 120 ያህል ውሾች ይረዳሉ፡፡ ቆይታው 120 ቀን ከሆነ ግን የሚረዱት 60 ብቻ ናቸው፤ የቀለብና የደመወዝ ወጪው ግን ያው ነው፡፡ ወሳጅ ካልተገኘ በሩ ይዘጋል፤ ወይም ርኅራኄ አሸንፎ 20 በሚይዘው ቤት 50 ይታጎሩበታል፤ ከዚያ በኋላ መናከስና በሽታ ይከተላል፡፡ እንዲህ ያለውን ቤት መጠጊያ ለማለት እኔ አልደፍርም፡፡ ደግሞም ልገሳ በበዓል ሰሞን በዝቶ በክረምት ይጠፋል፤ ውሻው ግን በየቀኑ ይበላል፡፡ ስለዚህ በሩ ሳይከፈት በፊት ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ በባንክ መቀመጥ ይገባዋል፡፡

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ የሚሠራው ከግቢው ውጭ ነው፡፡ ሴት ውሻ ሁለት ወር ያህል አርግዛ በአንድ ጊዜ አምስት፥ ስድስት ቡችላ ልትወልድ ትችላለች፤ ስለዚህ አንሥቶ በማኖር ብቻ ቁጥሩን መቀነስ አይቻልም፡፡ መርዝ መጣልም ቢሆን የቆየ ልማድ ሆኖ ሳለ ውሻን ከከተማ አላጠፋም፤ የሞተውን ቦታ ሌላ ይይዘዋል፤ ለግቢ የታሰበውንም ዘበኛ ውሻ ይገድላል፡፡ የሚበጀው ውሻውን ይዞ፥ ከትቦና አምክኖ፥ ጆሮውን በምልክት ለይቶ ወደ ነበረበት ሠፈር መመለስ ነው፡፡ ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መዛመቱ ይገታል ተብሎ ይታመናል፡፡ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የገበሬዎችን ውሾች በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩትን የሚከትበው፥ በሽታው ከውሾቹ ወደ ቀበሮዎቹ እየተሻገረ ስለሚፈጃቸው ነው፡፡

ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ካልተጠበቀ ኀይሉ ይጠፋል፤ መብራት በሚቋረጥበት ከተማም የማቀዝቀዣው ጉዳይ ከአጥሩ ይቀድማል፡፡ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለነጋዴው ባቀረብሁላቸው ጊዜ፥ ጥቂት ዝም ብለው የማቀዝቀዣውንና የጄኔሬተሩን ዋጋ አጣርቼ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ፡፡