የአደጋ ጊዜ ማዕከል ዓይንና ጆሮ፦ ፉኩሺማ ምን አስተማረን?

የአደጋ ጊዜ ማዘዣ ማዕከል ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ግድግዳው በትላልቅ ስክሪኖች የተሞላ አዳራሽ ነው። በእርግጥም ምስልና ድምፅ የማዕከሉ ዓይንና ጆሮ ናቸው። ውሳኔ ሰጪዎች ከአደጋው ሥፍራ ርቀው ስለሚገኙ፣ የሚያዩትና የሚሰሙት በመሣሪያ አማካይነት የደረሳቸውን ብቻ ነው። ታዲያ ይህ የመሣሪያ ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ምን ይከተላል? እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን፣ በፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የደረሰው አደጋ ለዚህ ጥያቄ ሰፊ መልስ ይሰጣል።

ምስልና ድምፅ በመስመር ላይ

በቅድሚያ ምስል ምን ያህል መረጃ እንደሚይዝ እናስላ። አንድ ስክሪን 1920 በ1080 ነጥቦች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት ቢመደብና በሰከንድ 30 ምስሎች ቢተላለፉ፣ የመረጃው መጠን በሰከንድ 1.5 ቢሊዮን ቢት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በተከታታይ ምስሎች ላይ ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ባለመላክና በመሳሰሉት ዘዴዎች መረጃው ወደ ጥቂት ሚሊዮን ቢት ይጨመቃል። በአንጻሩ ለመደበኛ የስልክ ድምፅ በሰከንድ 64,000 ቢት ይበቃል። መስመር ሲጠብ ምስሉን ቀንሶ ድምፁን ማትረፍ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሩቁ ሲታይ ቅርቡ ሲሰወር

ማርች 11 ቀን 2011 መጠኑ 9.0 ሆኖ የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ የተከተለው ሱናሚ ጣቢያውን አጥለቀለቀ፤ አብዛኞቹ የናፍጣ ጄኔሬተሮችም ቆሙ። የ1ኛውና የ2ኛው ሪአክተር የጋራ መቆጣጠሪያ ክፍል ጨለመ፤ ጠቋሚ መሣሪያዎቹም ጠፉ።

በዚያው ግቢ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተደርጎ በ2010 የተጠናቀቀ ሕንፃ ነበር። ሕንፃው የታነጸው በ2007 በደረሰ ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በዚሁ ኩባንያ ሌላ ጣቢያ የአደጋ ጊዜ ክፍሉ በር አልከፈት በማለቱ ከተገኘው ትምህርት ነው። የራሱ ጄኔሬተር ስለነበረው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቶኪዮ ከሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው የቪዲዮ ስብሰባ ሥርዓት መሥራቱን ቀጠለ። የሪአክተሮቹን ልኬት በቀጥታ ወደ ስክሪን የሚያመጣው ሥርዓት ግን ተቋረጠ። የቶኪዮ አለቆች ፊት ለፊት እየታዩ፣ በግቢው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ክፍል የሚያነበው ቁጥር በመደበኛ ስልክ በቃል ይነገር ጀመር።

ከጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ መንግሥት ያዘጋጀው የማስተባበሪያ ማዕከል ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይሉንና አብዛኛውን የመገናኛ መስመሩን አጣ። ጨረር የተቀላቀለበትን አየር የሚያጣራ መሣሪያም ስላልነበረው ማርች 15 ቀን ለቅቆ ወደ ፉኩሺማ ከተማ ተዛወረ።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ከኩባንያው የቪዲዮ ሥርዓት ጋር አልተገናኘም ነበር። ማርች 12 ቀን ከሰዓት በኋላ የ1ኛው ሪአክተር ሕንፃ ሲፈነዳ፣ ባለሥልጣናቱ ምስሉን ያዩት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ በቴሌቪዥን ነበር። ማርች 15 ቀን በኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የጋራ ማዕከል ሲቋቋም ግን መንግሥትና ኩባንያ በአንድ ስክሪን ፊት ተቀመጡ።

የተሳሳተው ቁጥር

ከሁሉም የሚያስገርመው በመጀመሪያው ምሽት የሆነው ነው። ሠራተኞች ከተሽከርካሪዎች ጭምር ባትሪ ሰብስበው የ1ኛውን ሪአክተር የውኃ ከፍታ መለኪያ አስነሡ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መለኪያው ውኃው ከነዳጅ ዘንጎቹ ጫፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች እንደሚያመለክቱት ግን በዚያን ሰዓት ዘንጎቹ ከውኃ ወጥተው መቅለጥ ጀምረው ነበር።

ስሕተቱ ከፊዚክስ አንጻር ቀላል ነው። መለኪያው የሁለት የውኃ ዓምዶችን ግፊት ያነጻጽራል፦ አንደኛው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ተብሎ የሚታሰብ መነሻ ዓምድ ሲሆን፣ ሌላው ከሪአክተሩ ውኃ ጋር የተያያዘ ነው። የግፊቱ ልዩነት ሲጠብ ውኃው ከፍ እንዳለ ይቆጠራል። ሙቀቱ የመነሻውን ዓምድ ውኃ ሲያተነው ልዩነቱ ጠበበ፤ መለኪያውም ባዶ እየሆነ ያለውን ሪአክተር ሙሉ ነው አለ። እንዲህ ያለ ቁጥር በስክሪንም ሆነ በስልክ ቢተላለፍ ስሕተቱን ያዳርሳል እንጂ አያርመውም።

እንግዲህ የአደጋ ጊዜ ማዕከል ሲነደፍ ከስክሪኑ ስፋት በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ኃይሉ ከየት ይመጣል? መስመሩ ቢበጠስ ሁለተኛው መንገድ የቱ ነው? ምስሉ ሊደርሳቸው የሚገባቸው ሁሉ ይደርሳቸዋልን? ከሁሉም በላይ፣ ይህን ቁጥር በሌላ ዘዴ የሚያረጋግጥ መለኪያ አለን? ነገ እነዚህን ማዕከላት የሚነድፉ መሐንዲሶች ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ተቀምጠዋልና፣ ጥያቄዎቹን ከወዲሁ መልመድ ይኖርባቸዋል።